ጎደለ እና ጎደለብኝ፦ በየካ አባዶ ስለተጻፈ አንድ የማይታመን ተራኪ

የዚህ ጥናት ጉዳይ አንድ አጭር ልብ ወለድ ነው። ጸሐፊዋ በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ ጠርዝ፣ ወደ ለገጣፎ አቅጣጫ በሚገኘው የየካ አባዶ የጋራ መኖሪያ መንደር የምትኖር የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት። እኔ ደግሞ በዚያው መንደር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሚሰበሰብ፣ ከእርሷ ሌላ ሰባት ሰዎች ባሉበት የንባብና የጽሕፈት ቡድን ውስጥ ረቂቆችን አርማለሁ። የምንሰበሰበው በብሎኮቹ መካከል ለልብስ ማጠቢያ፣ ለእርድ፣ ለሠርግና ለለቅሶ ተብሎ በተሠራው የጋራ መገልገያ ቤት ውስጥ ነው። በአንዱ ማዕዘን የዕድሩ ድንኳን ተጠቅልሎ ቆሟል፤ አጠገቡ አግዳሚዎችና ብረት ድስቶች ተደራርበዋል። ታሪኩም የተጸነሰው ጸሐፊዋ እነዚያን ዕቃዎች እያየች «ይህን ሁሉ የሚጠብቀው ሰው ማነው?» ብላ ከጠየቀችበት ቀን ጀምሮ ነው። ስሟን ያልጠቀስኩት በራሷ ጥያቄ ነው። በታሪኩ ውስጥ ያለው ዕድር የፈጠራ መሆኑንና የመንደራችን ዕድር አንዲት ሳንቲም እንዳልጎደለበት አስቀድሜ መናገር ይገባኛል።

የታሪኩ መነሻ ቀላል ነው። ከየአቅጣጫው በዕጣ ተሰባስበው ጎረቤት የሆኑ 96 አባወራዎች አዲስ ዕድር ያቋቁማሉ። ገና የባንክ ሒሳብ ስላልከፈቱ መዋጮውን በእጁ የሚይዝ አንድ ገንዘብ ያዥ ይመርጣሉ። እያንዳንዱ አባል በወር 100 ብር ስለሚከፍል በወር 9,600 ብር፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት አራት ወራት ደግሞ 38,400 ብር መሰብሰብ ነበረበት። ሒሳብ መርምራ እንድትፈርም የተመረጠች አንዲት ወጣት ጎረቤት ቤቱ ስትመጣ ግን ገንዘብ ያዡ ያስረከባት 28,800 ብር ብቻ ነው። ታሪኩ በሙሉ ሰውየው ለዚህች ልጅ የሚናገረው ቃል ነው፤ ከእሱ አንደበት ውጭ የምንሰማው ሌላ ድምፅ የለም። ጸሐፊዋ ከመጀመሪያው የምታውቀውና አንባቢ ቀስ በቀስ እንዲደርስበት የፈለገችው እውነት፣ የታኅሣሥን መዋጮ ሰውየው ራሱ ለውዝፍ የቤት ዕዳው እንደከፈለው ነው። ቤቱን ያገኘው በ20/80 መርሐ ግብር ነው፤ ሃያ በመቶውን ባለዕድለኛው ቀድሞ ይከፍላል፣ ሰማንያ በመቶው የባንክ ብድር ሆኖ በየወሩ ይከፈላል። ይህን አሠራር የጋራ መኖሪያ ቤት ነዋሪ ሁሉ ስለሚያውቀው፣ በታሪኩ ውስጥ «ቤቱ እንኳ ገና የባንክ ነው» የምትለው አንዲት ዐረፍተ ነገር ምክንያቱን ለመጠቆም በቂ ሆናለች።

እንዲህ ያለውን ተናጋሪ በአማርኛ የማይታመን ተራኪ እንለዋለን። ስያሜውን በሥነ ጽሑፍ ሂስ ውስጥ ያስገባው አሜሪካዊው ሐያሲ ዌን ቡዝ እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። እንደ ቡዝ አገላለጽ ተራኪ የማይታመን የሚሆነው ንግግሩና ድርጊቱ ድርሰቱ በሥውር ከቆመበት ሚዛን ጋር ሲጣላ ነው። ከእርሱ በኋላ የመጡት ጄምስ ፌላንና ሜሪ ፓትሪሺያ ማርቲን እ.ኤ.አ. በ1999 ነገሩን ይበልጥ ዘርዝረው፣ ተራኪ የሚያጠፋው ድርጊትን ሲዘግብ፣ ያየውን ሲተረጉም ወይም ክፉና ደጉን ሲመዝን እንደሆነ አመለከቱ፤ ከዚህም አልፈው በእያንዳንዱ ዘርፍ አጣሞ መናገርንና አጉድሎ መናገርን ለያዩ። ይህ የመጨረሻው ልዩነት ለጉዳያችን ወሳኝ ነበር። ለብዙ ጊዜ ተራኪያችን አጣሞ የሚናገር ሰው መስሎን ደክመናል፤ ሰውየው ግን አጉድሎ የሚናገር ነበር።

በቡድናችን ውስጥ ቅኔ የቀመሰ አንድ አባል «ይህማ የኛው ሰምና ወርቅ ነው፤ ምን አዲስ ነገር አለው?» ብሎ ነበር። አስተያየቱ ረጅም ክርክር አስነሣ፤ ክርክሩም ጠቀመን። በቅኔ ውስጥ ሰሙንም ወርቁንም የሚያውቀው ባለቅኔው ራሱ ነው፤ ወርቁን የሚሸሽገውም አስተዋይ ሰሚ እንዲያገኝለት ፈልጎ ነው፤ ካልተገኘለት ያዝናል። የእኛ ገንዘብ ያዥ ግን ወርቁ እንዳይገኝበት የሚጨነቅ ሰው ነው። ወርቁን የምታስቀምጠው ከእሱ ጀርባ የቆመችው ጸሐፊ ናት፤ የምታስቀምጠውም በራሱ ቃላት ውስጥ፣ እሱ ሳያውቅባት ነው። ስለዚህ የሥራው ጭንቅ አንድ ዐረፍተ ነገር ለሁለት ጌቶች እንዲያገለግል ማድረግ ነው። ሰውየው ራሱን ለመከላከል ሲለው የሚያምርለት፣ ጸሐፊዋ ስትጽፈው ደግሞ የሚያጋልጠው መሆን አለበት።

በመጀመሪያው ረቂቅ ሰውየው በግልጽ ይዋሻል። «ገንዘቡን በጠቅላላ ለሰብሳቢው አስረክቤያለሁ፤ እኔ የማውቀው ነገር የለም» ይላል፤ በመጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ ልጅቷ ከሄደች በኋላ ብቻውን ተቀምጦ «የወሰድኩትስ እኔ ነኝ» ብሎ ለራሱ ይናዘዛል። ረቂቁ በተነበበ ዕለት ከአባላቱ አንዷ «ታዲያ ለምን አሥር ገጽ አስደከመኝ?» አለች። ፍርዷ ከባድ ቢሆንም ትክክል ነበር። ውሸቱ ከታሪኩ ውስጥ በምንም ነገር ስለማይፈተሽ፣ አንባቢ እስከ ኑዛዜው ድረስ ማመን እንጂ ሌላ የሚሠራው ሥራ አልነበረውም፤ ኑዛዜው ሲመጣም ያነበበው ሁሉ ተሰረዘበት። ጸሐፊዎች በዚህ ዓይነት ታሪክ ደጋግመው የሚወድቁበት ጉድጓድ ይህ ይመስለኛል። ተራኪው እንዲዋሽ ማድረግ ቀላል ነው፤ አንባቢ ውሸቱን የሚመዝንበት ድንጋይ ካልተቀመጠለት ግን የተዋሸው ገጸ ባሕርይዋ ሳትሆን አንባቢው ራሱ ይሆናል።

ሁለተኛው ረቂቅ ከዚህ ሽሽት ነበር። ሰውየውን ጠጪ አደረገችው፤ ቀኑ ይምታታበታል፣ ስም ይረሳል፣ ንግግሩን ይጀምርና ይተወዋል። ስለዚህ ረቂቅ ብዙ አልልም። የሰከረ ሰው ንግግር እንደማይታመን አንባቢ ከመጀመሪያው መስመር ስለሚያውቅ ጥርጣሬ የሚባል ነገር ሊያድግ አልቻለም። በዚያ ላይ 96 አባወራዎች ገንዘባቸውን ለምን ለሰካራም አደራ ሰጡ የሚል መልስ የሌለው ጥያቄ ተከተለው።

ሦስተኛው ረቂቅ ነው በጣም ያሳሰበን። ጸሐፊዋ ስካሩን አነሣች፣ ግልጹን ውሸት አወጣች፣ ኑዛዜውን ሰረዘች። የቀረው ትሑት፣ ታማሚ ባለቤቱን የሚያስታምም፣ አራተኛ ፎቅ ለመውጣት ጉልበቱ የማይፈቅድለት፣ የመንደሩ ሰው በሐሜት የቆሰለው ሽማግሌ ነበር። ስለ ታኅሣሥ ገንዘብ የሚለው ይህን ነው፦ አንድ ሌሊት የተዘጋው ውሃ በፈረቃው መጣ፣ ክፍት የቀረ ቧንቧ ወለሉን አጥለቀለቀው፣ የወሩ ካርኒ ረጠበ፣ ገንዘቡም ጎደለ። በከተማው ዳር በሚገኝ የጋራ መኖሪያ ቤት የኖረ ሰው ሌሊት ድንገት የሚመጣን ውሃና ክፍት የተረሳን ቧንቧ ስለሚያውቀው፣ ታሪኩ እንደ እውነት ተሰማ። ከሰባታችን ስድስታችን አመንነው። እኔም አመንኩት። ጸሐፊዋ ፊቷ ጠቆረ፤ «ሰውየው ጨርሶ ታመነብኝ» አለች። በዚያች ቅጽበት «ብኝ» የምትለዋን የግስ ጭራ ልብ ያላት ሰው አልነበረም።

ያላመነው ሰባተኛው ሰው በመሥሪያ ቤት የንብረትና የገንዘብ ሥራ አርጅቶ ጡረታ የወጣ፣ በቀድሞ ሰፈሩም ለረጅም ዘመን የዕድር ገንዘብ ያዥ የነበረ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው ሰው ነው። ጋሼ ልብ ወለድ ብዙም አያነብም፤ ወደ ቡድናችን የሚመጣው ለጨዋታው ነው። የዚያን ዕለት ግን ረቂቁን ከጸሐፊዋ እጅ ተቀብሎ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ ሁለት ገጾችን እያገላበጠ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም እንዲህ አላት።

«ልጄ፣ ይህ ሰው ለእያንዳንዱ ክፍያ አንድ ቅጠል ካርኒ ይቆርጣል አይደል? ጥራዙ ሃምሳ ቅጠል ነው። በሦስት ወር 288 ቅጠል ቆርጧል። ስድስት ጥራዝ 300 ነው። እዚህ ጋ ራሱ 'በስድስተኛው ጥራዝ አሥራ ሁለት ቅጠል ተርፏል፣ ይኸው ቁጠሪው' ይላታል። እዚህ ደግሞ ለታኅሣሥ ሰባተኛውንና ስምንተኛውን ጥራዝ ከፈትኩ ይላል። አሥራ ሁለት ባዶ ቅጠል እያለው አዲስ ጥራዝ የሚከፍት ገንዘብ ያዥ አይቼ አላውቅም። ታኅሣሥን ለብቻው ለይቶ የያዘው ገና ሲጀምር ነው።»

ጸሐፊዋ ደነገጠች፤ ይህን ሆን ብላ አልጻፈችውም ነበርና። አሥራ ሁለቱን ቅጠል ያስገባችው ሰውየው ጥንቁቅ እንዲመስል ብላ ነው፤ ሁለቱን ጥራዞች የለየችው ደግሞ የሚረጥብ ነገር ስለፈለገች ብቻ ነው። ሁለቱ ዝርዝሮች በአራት ገጽ ርቀት ተለያይተው ስለተቀመጡ ማናችንም አላገናኘናቸውም። ጋሼ ግን ሥራውን ስለሚያውቅ ቁጥሩ ራሱ ተናገረለት። የመመዘኛ ድንጋይ ስል የነበረው ነገር፣ ማለትም ተራኪው በገዛ አንደበቱ የሚያስቀምጠው፣ ከስሜቱም ከቃል ምርጫውም ነፃ የሆነ ጥሬ እውነታ፣ ሳናውቀው በረቂቁ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ሰውየው አሥራ ሁለቱን ቅጠል ማሳየቱ ደግሞ ከባሕርይው ጋር ፍጹም ይስማማል፤ በታማኝነቱ ሊኮራ ፈልጎ የሚያጋልጠውን ማስረጃ በገዛ እጁ አቀረበ።

ጋሼ በዚህ አላበቃም። ረቂቁን መልሶ ሲሰጣት፣ ለእሱ እጅግ ግልጽ ስለሆነ ሊናገረው ያልፈለገ በሚመስል ሁኔታ፣ አንድ ነገር ጨመረ፦ «ደግሞ 'ገንዘቡ ጎደለ' አይባልም። እኔ ጎድሎብኝ ያውቃል፤ ከደመወዜ ከፍያለሁ። የጎደለበት ሰው 'ጎደለብኝ' ነው የሚለው። 'ጎደለ' ብቻ ብሎ ዝም ካለ ሌላ ነገር አለ።»

የጥናቱ ልብ ይህ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ስለዚህ ቆም ብዬ ላብራራው። አማርኛ አንድ ድርጊት ማንን እንደነካ በግሱ ጭራ ላይ ይናገራል። «ልጁ ታመመ» ስንል ዜና ነው፤ «ልጁ ታመመብኝ» ስንል ግን ሕመሙ በእኔ ላይ የወረደ፣ እኔ የተጎዳሁበት ነገር ይሆናል። «መሸብኝ»፣ «ጠፋብኝ»፣ «ረዘመብኝ»፣ «ዘነበብኝ» ስንል ሰማዩም ሌሊቱም መንገዱም በእኛ ላይ እንደተነሣ እንናገራለን። ይህች «ብኝ» ራሱን ተጎጂ አድርጎ ለሚያይ ሰው ከማር ትጣፍጣለች። ሦስተኛውን ረቂቅ ስንመረምር ጸሐፊዋ በደመ ነፍስ ሰውየውን በ«ብኝ» ሞልታው ተገኘ፤ ብርዱ ጠናብኝ፣ ደረጃው ረዘመብኝ፣ ባለቤቴ ታመመችብኝ፣ ሰው በነገር ተነሣብኝ ይላል። በገንዘብ ሥራ ውስጥ ግን «ብኝ» ከመጎዳት ሌላ ትርጉም አላት፤ ተጠያቂነትን ትሸከማለች። ሒሳብ የጎደለበት ሰው «ጎደለብኝ» ሲል «በእኔ እጅ ሳለ ነው የጎደለው፣ ጣጣውም የእኔ ነው» ማለቱ ነው። እንግዲህ በሁሉ ነገር «ብኝ» የሚል ሰው፣ «ብኝ» ማለት ግዴታው በሆነባት በዚያች አንዲት ስፍራ ላይ ብቻ ዝም ካለ፣ ዝምታው ከማንኛውም ኑዛዜ በላይ ይናገራል። ሰውየው አንዲትም የሐሰት ቃል አልተናገረም። ገንዘቡ ጎድሏል፤ ካርኒውም ረጥቧል። ያጎደለው ነገር ቢኖር አንዲት የግስ ጭራ ነው።

አራተኛው ረቂቅ የተሠራው በዚህ ግኝት ላይ ነው። ጸሐፊዋ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሌላ ምንም ሳትነካ የሰውየውን ግሶች ብቻ እየለቀመች አስተካከለች። ከታሪኩ መሐል የሚገኘው ወሳኝ አንቀጽ በመጨረሻ የያዘው መልክ የሚከተለው ነው፦

«ልጄ፣ ሰው እንዴት እንደሚጨክን ገና አላየሽም። ዘንድሮ ብርዱ ጠናብኝ፤ ደረጃው ረዘመብኝ፤ ባለቤቴም ታመመችብኝ። ታኅሣሥ ላይ አንድ ሌሊት ውሃ መጣ። ለካስ ቧንቧው ክፍት ኖሯል። ወለሉ ሞላ፣ ሁለት ጥራዝ ካርኒ ረጠበ፣ ገንዘቡም ጎደለ። ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፍ ጠፋብኝ።»

በዚህ አንቀጽ ውስጥ የ«ብኝ» ሰንሰለት ሦስት ጊዜ ከተሰማ በኋላ ይቋረጣል፤ በሦስት ዐረፍተ ነገሮች ማንም ያላደረጋቸው ድርጊቶች ይደረደራሉ፤ ከዚያ «ብኝ» ተመልሳ ትመጣለች። ጆሮ ልማዱን ስለያዘ የተቋረጠበትን ቦታ ያውቀዋል፣ ምክንያቱን ለመናገር ቢያቅተውም። «መጣ፣ ሞላ፣ ረጠበ» የሚለው ቅደም ተከተልም የራሱን ሥራ ይሠራል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ግሶች የውሃ ግሶች ናቸው፤ አራተኛዋ «ጎደለ» ግን በእነርሱ ጎርፍ ተወስዳ የምታልፍ ሌላ ዓይነት ግስ ናት። ውሃ ወረቀት ያረጥባል፣ ብር ቆጥሮ አያጎድልም። አንባቢ ለአፍታ ቢቆም ይህን ያስተውላል፤ የዐረፍተ ነገሩ ሩጫ ግን እንዲቆም አይፈቅድለትም።

«ለካስ ቧንቧው ክፍት ኖሯል» የምትለዋ ዐረፍተ ነገርም ብዙ ተሠርቶባታል። «ለካ» እና «ኖሯል» ሳናውቅ ቆይተን ድንገት የደረስንበትን ነገር የምንናገርባቸው ቃላት ናቸው፤ ማለዳ ተነሥተን ደጁን ረጥቦ ስናይ «ለካስ ሌሊቱን ዘንቦ ኖሯል» እንላለን። ሰውየው ይህን አነጋገር የሚጠቀመው ስለ ገዛ ቤቱ ቧንቧ ነው። የመጀመሪያው ጽሕፈት «ቧንቧውን ክፍት ትቼው ነበር» የሚል ነበር፤ ያ የጥፋት አምኖ መቀበል ስለሆነ ሰውየውን ከሚገባው በላይ ሐቀኛ ያደርገዋል። «ቧንቧው ክፍት ነበር» የሚለው ደግሞ ደረቅ ዘገባ ነው። «ኖሯል» ስትገባ ግን ሰውየው በቤቱ ውስጥ እንግዳ፣ በጥፋቱ ላይ የዓይን ምስክር ሆኖ ቆመ። በአንዲት ግስ ከወንበሩ ተነሥቶ ከልጅቷ አጠገብ ተቀመጠ ማለት ይቻላል።

ሌላው የአማርኛ ጸጋ ተራኪው ለማን እንደሚናገር ሳይወስን ሰሚውን በአንድ ግስ እንኳ ማናገር አለመቻሉ ነው። አንተ፣ አንቺ ወይም እርስዎ ማለት አለበት። ሰውየው መርማሪዋን ከመጀመሪያው «ልጄ» እና «አንቺ» ይላታል፤ ይህ በዕድሜው የሚገባው አጠራር ነው፤ በዚያውም ሥልጣኗን ያቀልላታል። አሥራ ሁለቱን ባዶ ቅጠሎች ቆጥራ ቀና ስትል ግን አንድ ጊዜ ብቻ፣ «እርስዎ እንግዲህ የተማሩ ነዎት፤ እኛ መሃይማን ነን» ይላል። ወዲያው ወደ «ልጄ» ይመለሳል። አንድ ሽማግሌ የልጁን ታናሽ የምታህል ጎረቤቱን «እርስዎ» ሲል አክብሮት እንዳልሆነ አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ያውቃል፤ በር መዝጋት ነው። የልጅቷ ቃል በታሪኩ ውስጥ ስለማይሰማ፣ ምን ዓይነት ፊት እንዳሳየችው የምናውቀው በዚህ የአጠራር ለውጥ ብቻ ነው። በተመሳሳይ መንገድ ስለ ዕድሩ ሰብሳቢ ሲናገር «እሳቸው» ይል የነበረው ሰው፣ ፊርማ የሚለው ጉዳይ ሲነሣ ወደ «እሱ» ወረደ። ይህን ጸሐፊዋ በመጀመሪያ በስሕተት የጻፈችው ነበር፤ እኔም አርሜዋለሁ። በኋላ ግን ስሕተቱ የሰውየው ሊሆን እንደሚችል ተረድተን መልሰን አስገባነው። አራሚ እንደመሆኔ ይህ ትልቅ ትምህርት ሆነልኝ። የተራኪን ንግግር እንደ ዘገባ ቋንቋ ማረም፣ ጸሐፊ ያላየችውን እውነት ከገጹ ላይ መጥረግ ሊሆን ይችላል።

ያልተሳካልን ነገርም አለ። በግኝቱ ስለተደሰትን የአማርኛን የመሸሸጊያ በሮች ሁሉ በአንድ ሰው አንደበት ልንከፍት ሞክረን ነበር። ለምሳሌ ሰውየው ራሱ ያየውን ነገር «አሉ» በሚል ጭራ እንዲናገር አደረግን፤ «ካርኒው እኔ ቤት ነበር አሉ» ይላል። «በሩ አልከፈት አለኝ»፣ «እጄ አልታዘዝ አለኝ» የሚሉትን፣ ግዑዙን ነገር ባለፈቃድ የሚያደርጉትን አነጋገሮችም ደረደርን። ሲነበብ ሰውየው ሸፋጭ ሆኖ ተሰማ፤ አንባቢ ሊያዝንለት አልቻለም። የማይታመን ተራኪ ካልተወደደ በቀር የሚያሳዝን ነገር የለውም፤ የምንጠላው ሰው ሲያታልለን አንቆጭም። «አሉ»ን በሙሉ አወጣን፤ «አልከፈት አለኝ» አንዲት ቦታ ላይ ብቻ፣ ስለ ገንዘብ ሣጥኑ ሳይሆን ስለ ባለቤቱ የመድኃኒት ጠርሙስ ሲናገር ቀረች። በዚያ ቦታ ንጹሕ ናት፤ አንድ ደካማ ሰው ክዳን መክፈት አቅቶት የሚለው ቃል ናት። ሰውየው እውነተኛ በሆነበት ጊዜም ያው ሰው እንደሆነ እንዲሰማ ያስፈልግ ነበር።

የአሥራ ሁለቱን ቅጠል ጉዳይ በተመለከተ በእኔና በጸሐፊዋ መካከል ልዩነት ነበር። እኔ ሁለቱን ዝርዝሮች አቀራርበን ተራ አንባቢም እንዲያገናኛቸው ማድረግ እንደሚሻል አምን ነበር፤ ከሰባት ሰዎች አንዱ ብቻ፣ እሱም የሙያው ሰው ስለሆነ የሚያየው ማስረጃ ለሌሎቹ እንደሌለ ይቆጠራል ብዬ ተከራከርኩ። እሷ ደግሞ ከተቀራረቡ ታሪኩ የሒሳብ እንቆቅልሽ ይሆናል አለች። ያገኘነው መፍትሔ ርቀቱን ሳይነካ ሁለተኛውን ዝርዝር ማክበድ ነው። ሰባተኛውን ጥራዝ ስለመክፈቱ ሲናገር «አዲስ ጥራዝ ስከፍት የወረቀቱ ሽታ ደስ ይለኛል» የሚል ዐረፍተ ነገር ተጨመረ። አንባቢ ሽታውን ያስታውሳል፤ ሽታውን ያስታወሰ ደግሞ አዲስ ጥራዝ መከፈቱን ያስታውሳል። አሁንም ቢሆን እኔ እንዲቀራረቡ እመርጥ ነበር። ታሪኩ ግን የእሷ ነው።

ይህ አራተኛ ረቂቅ በቡድኑ ፊት ሲነበብ ጸሐፊዋ አንድ ብልሃት ተጠቀመች። ሦስተኛውን ያልሰሙ ሁለት የብሎኩን ነዋሪዎች ጋበዘች፤ ንባቡ ሲያልቅም «ወሰደ ወይስ አልወሰደም?» ብላ ሳትጠይቅ «እናንተ ብትሆኑ ትፈርሙለት ነበር?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄው ጥሩ ነበር፤ ስለ ድርጊቱ ያለውን ፍርድ ብቻ ሳይሆን ስለ ሰውየው ያለውን ስሜትም ያወጣልና። ከዘጠኝ አድማጮች አምስቱ እንደማይፈርሙ ተናገሩ፤ ሁለቱ ገንዘቡን እንደወሰደ ቢያውቁም እንደሚፈርሙ ተናገሩ፤ ሁለቱ እንግዶች ደግሞ ምንም የተደበቀ ነገር እንዳለ አልጠረጠሩም። ከእነዚህ አንዷ እንዲያውም በሰውየው ላይ ሐሜት ባነሡት ጎረቤቶች ተቆጥታ ነበር። ጸሐፊዋ ለእነርሱ ሲባል ታሪኩን ይበልጥ ግልጽ ማድረግ እንዳለባት ብዙ ካሰበች በኋላ ተወችው። እኔም ደገፍኳት። ሰውየው በመንደሩ ውስጥ ይህን ያህል የኖረው የሚያምኑት ሰዎች ስላሉ ነው፤ ከአድማጮቹ መካከል እነርሱም መገኘታቸው ተገቢ ነው።

የመጨረሻው ክርክር ስለ መጨረሻው መስመር ነበር። ጸሐፊዋ በአንድ ወቅት ታሪኩን «ዘንድሮስ ልጄ፣ ሰው ጎደለብኝ» በሚል ቃል ደምድማው ነበር። ስለ ገንዘቡ ያላላትን ቃል ስለ ሰዎች አላት ማለት ነው። ስታነበው ክፍሉ ጸጥ አለ፤ አብዛኞቹ ወደዱት። እኔ ሌሊቱን ሳስበው ግን ተጠራጠርኩ፤ በማግስቱ ስነግራት እሷም ተመሳሳይ ጥርጣሬ አድሮባት ነበር። ያች «ጎደለብኝ» የጸሐፊዋ እንጂ የሰውየው ቃል አልነበረችም። በአሥር ገጽ ውስጥ ሸሽቶ የኖረውን ቃል በመጨረሻ አምሮ እንዲናገረው ማድረግ፣ በመጀመሪያው ረቂቅ የነበረውን ኑዛዜ በሌላ በር ማስገባት ነበር። ሰረዘችው።

አሁን ታሪኩ የሚያልቀው ልጅቷ መዝገቡን ስትዘጋ ነው። ሰውየው እስክርቢቶውን ከኪሱ አውጥቶ ይዘረጋላታል፤ ጣቱን ወረቀቱ ላይ አስቀምጦ የሚፈረምበትን ቦታ ያሳያታል። ከዚያም በታሪኩ ውስጥ ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ ያለ «ልጄ» እና ያለ ምክንያት፣ አጭር ነገር ይላታል፦ «እዚህ ላይ ፈርሚልኝ።»